"ኮር ስንት ልግዛ?" ከማለት በፊት፦ ከቤት ሆኖ ሞኒተሪንግ ለሚሰራ ሰው የኮምፒውተር አመራረጥ

ከቤት ሆኜ ሰርቨርና ኔትወርክ መከታተል ከጀመርኩ ወዲህ በብዛት የምጠየቀው ጥያቄ "ኮር አይ7 ልግዛ ወይስ አይ9?" የምትለዋ ናት፣ ሁለቱም የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ክፍል) አይነቶች ናቸው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ብሩን ቆጥሮ ሊወጣ በር ላይ ቆሟል፣ ማብራሪያ ሳይሆን ቁጥር ነው የሚፈልገው። እኔ ደሞ መልሼ እጠይቀዋለሁ፣ ስራው የሚሰራው የት ነው? ማዶ ያለው ማሽን ላይ ነው ወይስ አንተ ጠረጴዛ ላይ ያለው ላይ? እዚህ ጋ ዝም ይላል። ይሄ ሳይለይ የተገዛ ኮምፒውተር ወይ ጉልበቱ ያለስራ ይቀመጣል ወይ ደሞ በማያስፈልግ ቦታ ጎበዝ ሆኖ በሚያስፈልግበት ቦታ ቀጥ ይላል።

ከሩቅ መከታተል ሲባል አንድ ስራ ይመስላል እንጂ ለኮምፒውተሩ ሶስት የማይመሳሰሉ ስራዎች ናቸው። አንደኛው ሪሞት ዴስክቶፕ ነው። ማዶ ያለ ኮምፒውተር ውስጥ ገብታችሁ እዛው ነው የምትሰሩት፣ ሶፍትዌሩም ዳታውም ስሌቱም እዛ ነው፣ ወደናንተ የሚመጣው የስክሪኑ ምስል ነው፣ ከናንተ የሚሄደው ደሞ ማውስ ያንቀሳቀሳችሁትና ኪቦርድ የነካችሁት ብቻ። የታካሚን የአንጎል ወይም የልብ ምልክት ከሩቅ የሚከታተሉ ባለሙያዎችም ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው የሚሰሩት። ለዚህ አይነት ስራ ኮምፒውተሩ ብዙ ጉልበት አይጠየቅም፣ መካከለኛ ማሽን ይበቃል፣ የተረፈው ገንዘብ ጥሩ ስክሪንና ጥሩ መስመር ላይ ቢውል ይሻላል።

ሁለተኛው ዳሽቦርድ ነው። ብራውዘር ላይ ግራፉ፣ ሎጉ (የክስተቶች መዝገቡ)፣ የአለርቱ (የማስጠንቀቂያው) ዝርዝር በየ5 እና በየ10 ሰከንዱ ራሱን እያደሰ የሚቀመጥበት። ዌብሳይት ነው ተብሎ ይናቃል ግን ዳታው ከማዶ ይምጣ እንጂ ግራፉን የሚስለው የናንተው ብራውዘር ነው፣ ክሮምና መሰሎቹ ደሞ ለየገጹ የራሱን ፕሮሰስ ስለሚከፍቱ 30 ታብ ከፍቶ መቀመጥ 30 ትንንሽ ፕሮግራም ከፍቶ እንደመቀመጥ ነው፣ ሁሉም ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ሜሞሪ) ይፈልጋል። ጠዋት ቀልጠፍ ያለ ዳሽቦርድ ማታ ላይ መንቀራፈፍ የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ ገጹ ቀኑን ሙሉ ሳይዘጋ ውሎ የያዘው ሜሞሪ እያበጠ ስለሄደ ነው።

ሶስተኛው ቀጥታ ቪዲዮ ነው፣ ማለትም ብዙ ካሜራ በአንድ ጊዜ። ከባዱ ይሄ ነው፣ ሰው ገንዘቡን በብዛት የሚያባክነውም እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ከካሜራ የሚመጣ ቪዲዮ ተጨምቆ ነው የሚመጣው፣ ኤች.264 ወይም ኤች.265 በሚባል ዘዴ። ስክሪን ላይ ለመታየት መፈታት አለበት፣ እያንዳንዱ ካሜራ በሰከንድ 25 ወይ 30 ምስል የሚልክ ከሆነ 16 ካሜራ ስትከፍቱ በየሰከንዱ ከ400 እስከ 480 ምስል እየተፈታ ነው ማለት ነው። ይሄን ስራ ሁለት አካል ሊሰራው ይችላል፣ ወይ ዋናው ፕሮሰሰር ራሱ ይታገላል፣ ወይ ደሞ ግራፊክሱ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተሰራ ክፍል አለ እሱ ይሰራዋል። ኢንቴል ከ2011 ጀምሮ ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ካለው ግራፊክስ ጋር የሚያስገባውን ኩዊክ ሲንክ ይለዋል፣ ኢንቪዲያ ኤንቪዴክ ይለዋል። ያ ክፍል ስራ ላይ ሲሆን መካከለኛ ፕሮሰሰር ዘና ብሎ ይሰራል፣ ሳይሆን ሲቀር ግን ትልቁም ፕሮሰሰር ፋኑ እያጉረመረመ ላብ ይለዋል።

ወጥመዱ ምን መሰላችሁ፣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ስሙ መጨረሻ ላይ የእንግሊዝኛዋ "ኤፍ" ፊደል ካለች ግራፊክሱ የለም ማለት ነው፣ ስለዚ ኩዊክ ሲንክም የለም። ቀነስ ባለ ዋጋ ስለሚሸጥ ሰው ደስ ብሎት ይገዛዋል። ለብቻው የሚገባ ግራፊክስ ካርድ ካላችሁ ችግር የለውም፣ ከሌላችሁ ግን ቪዲዮው ይቅርና ስክሪኑም አይበራላችሁም። ሌላው ደሞ ክፍሉ ኖሮ ሶፍትዌሩ ላይ ሃርድዌር አክሰለሬሽን የሚለው፣ ያንን ክፍል ስራ ላይ የሚያውለው ምርጫ ጠፍቶ መቀመጡ ነው፣ ይሄ በጣም በጣም ያጋጥማል፣ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ፈልጋችሁ እዩ።

አንድ ሂሳብ ልጨምር። 4ኬ ስክሪን 3840 በ2160 ነው፣ ወደ 8.3 ሚሊዮን ነጥብ። እሱ ላይ 16 ካሜራ 4 በ4 አድርጋችሁ ብትደረድሩ ለአንዱ ካሜራ የሚደርሰው 960 በ540 ነው፣ ግማሽ ሚሊዮን ነጥብ ምናምን። ካሜራው ግን 4ኬ የሚልክ ከሆነ ኮምፒውተራችሁ ለእያንዳንዱ 8.3 ሚሊዮን ነጥብ ፈትቶ አሳንሶ ግማሽ ሚሊዮኗን ብቻ ያሳያችኋል፣ የቀረው ልፋት ከንቱ ነው። አብዛኛው የሴኩሪቲ ካሜራ ግን ሁለት ቪዲዮ ነው የሚልከው፣ ዋናና አነስ ያለ፣ ሰብስትሪም ይሉታል። ድርድሩ ላይ አነስ ያለው ይታይ፣ አንዱን ካሜራ ጠቅ አድርጋችሁ ስታሰፉት ዋናው ይምጣ፣ በቃ። ይቺን ሴቲንግ ባለማወቅ ብቻ አዲስ ኮምፒውተር የተገዛበትን አጋጣሚ አውቃለሁ፣ አዲሱም ያው ስታክ ያደርግ ነበር።

እሺ ታዲያ ምን እንደሚያንሳችሁ በምን ታውቃላችሁ? አሁን ያላችሁን ኮምፒውተር ጠይቁት። ዊንዶውስ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፣ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግቡ። ከዛ በጣም የተጨናነቃችሁበትን ሽፍት አስቡና የዛን ቀን የነበረውን ሁሉ ክፈቱ፣ ካሜራውን፣ ዳሽቦርዱን፣ ቪፒኤኑን (ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ የሚያስገባችሁን ፕሮግራም)፣ የቪዲዮ ስብሰባውን ሳይቀር፣ ግማሽ ሰዓት ተዉትና ተመለሱ። ጂፒዩ (ግራፊክሱ) የሚለውን ስትነኩ ከግራፎቹ አንዱ ቪዲዮ ዲኮድ ይላል፣ እሱ ዜሮ ላይ ተኝቶ ሲፒዩው (ዋናው ፕሮሰሰር) 95 ፐርሰንት ከሆነ አክሰለሬሽኑ ጠፍቷል፣ ወይ ያንን ቪዲዮ የሚፈታ ክፍል የላችሁም። ሜሞሪው 90 ምናምን ሆኖ ዲስኩም እየተንጫጫ ከሆነ ራም ነው ያነሳችሁ፣ ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ ወደ ዲስክ እየገለበጠ ስለሚሰራ ነው የሚጎተተው። ሁሉም 20 እና 30 ፐርሰንት ላይ ዘና ብሎ ምስሉ ግን የሚቆራረጥ ከሆነ ደሞ ችግሩ መስመሩ ነው፣ የፈለጋችሁትን ኮምፒውተር ብትገዙ አይለወጥም። ይሄ ግማሽ ሰዓት ከማንም ምክር ይሻላል፣ ከኔም ጭምር።

ወደ እቃው እንምጣ። ራም 16 ጂቢ ዝቅተኛው ነው፣ 32 ደስ ይላል፣ 64 ቨርችዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር) ለሚያስነሳ ሰው ካልሆነ ብዙም ትርጉም የለውም። 32 ስትገዙ አንድ ባለ 32 ሳይሆን ሁለት ባለ 16 ይሁን፣ ፕሮሰሰሩ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ መንገዱ ይሰፋለታል፣ በተለይ ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ከሆነ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዚሁ ራም ነው የሚበደረው፣ ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል። ላፕቶፕ ከሆነ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ እንዳይሆን ጠይቁ፣ የተበየደ ከሆነ በኋላ መጨመር የለም።

ፕሮሰሰር ላይ ሰው የሚያየው አይ5፣ አይ7 የሚለውን ነው፣ ዋናው ግን ትውልዱ ነው። በ2015 የወጣው ኮር አይ7 6700 ያለው 4 ኮር (ጎን ለጎን የሚሰራ የፕሮሰሰር ክፍል) ነው፣ በ2022 መጀመሪያ የወጣው ኮር አይ5 12400 ግን 6 ኮር አለው፣ እያንዳንዱ ኮርም ከድሮው በጣም ይፈጥናል። ስሙ ላይ ያለው ቁጥር ትልቅ ነው ብላችሁ አሮጌ አይ7 እንዳትገዙ። አሮጌው ሌላም ጣጣ አለው፣ ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ኦክቶበር 14፣ 2025 ላይ አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የሴኩሪቲ ቺፕም ይፈልጋል። ብዙ ቀጣሪ ድርጅት ድጋፉ ያለቀ ዊንዶውስ ወደ ቪፒኤኑ አያስገባም፣ ስለዚ ኮምፒውተሩ ቢሰራም እናንተ አትሰሩም።

ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ? ዴስክቶፕ። አልዋሽም ይሄ አቋሜ ነው። ቀጭን ላፕቶፕ ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩት የሚፈጥነው ገና ስላልሞቀ ነው፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሽፍት ደሞ 8 ሰዓት ነው 12 ሰዓት ነው፣ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኋላ ያለው ፍጥነት ነው እውነተኛው። በዛ ላይ ስንት ስክሪን እንደሚሸከም ማወቅ አለባችሁ፣ ለምሳሌ ኤም1 እና ኤም2 ማክቡክ ኤር በራሳቸው የሚሸከሙት ተጨማሪ ስክሪን አንድ ብቻ ነው። ከዛ በላይ ለማውጣት ዲስፕሌይሊንክ የሚባል ማስፋፊያ ይገዛል፣ እሱ ይሰራል ግን ምስሉን በሶፍትዌር እየጨመቀ በዩኤስቢ ስለሚልክ ከፕሮሰሰሩ ጉልበት ይበላል፣ ለጽሁፍና ለግራፍ ምንም አይልም፣ ለ16 ካሜራ ግን አልመክረውም። ዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ያለው ሁሉም ምስል አያወጣም፣ አንዳንዱ ለቻርጅና ለዳታ ብቻ ነው። ላፕቶፕ አንድ የማይካድ ጥቅም አለው፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪው አለ። ሁሌ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ግን ቻርጁ 80 ፐርሰንት ላይ እንዲቆም አድርጉት፣ 100 ላይ ሆኖ እየጋለ አመት የሚቆይ ባትሪ ሲያብጥ አይቻለሁ።

እኔ የምጠቀመው ለቢሮ ተብሎ የሚሰራ ትንሽዬ ዴስክቶፕ ነው፣ መጽሐፍ የምታክል። ለጌም የተሰራ ማሽን የሚያማምሩ መብራቶች አሉት ግን ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ያለማቋረጥ 100 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር በቀን 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ትንሹ ማሽን ዳሽቦርድ እያሳየ ብዙ ጊዜ ከዛ ሩብ እንኳ አይደርስም። ይሄ የቆጣሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ያው አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ትንሹን ማሽን በጣም ረዘም ላለ ጊዜ ይይዘዋል።

ስክሪን። ሁለት ወይ ሶስት ይበቃል፣ እኔ አራት ሞክሬ ያገኘሁት የአንገት ህመም ነው፣ አራተኛውን ስክሪን ደሞ ለካ አላየውም ነበር። 4ኬ ከገዛችሁ ቀዳዳውንም ኬብሉንም እዩ፣ ኤችዲኤምአይ 1.4 በ4ኬ ላይ የሚያወጣው 30 ኸርዝ (በሰከንድ 30 ምስል) ብቻ ነው፣ ማውሱ ጭቃ ውስጥ የሚሄድ ይመስላል፣ ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይፖርት 1.2 እና ከዛ በላይ ከሆነ 60 ኸርዝ ይሰጣችኋል። ግራፊክስ ካርድ ካለ ኬብሉ የሚሰካው እሱ ላይ ነው፣ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም፣ ስንቱ ሰው ካርድ ገዝቶ ከጎኑ ያለው ቀዳዳ ላይ ሰክቶ ይጠቀማል። ኦሌድ ስክሪን ሲያዩት ልብ ይሰርቃል ግን ለዚህ ስራ አይሆንም፣ ዳሽቦርድ ማለት ቦታውን የማይቀይር መስመርና ቁጥር ቀኑን ሙሉ በርቶ የሚቆምበት ነገር ነው፣ ኦሌድ ላይ ያ ምስል ከጊዜ በኋላ ታትሞ ይቀራል። አይፒኤስ የሚባለውን የስክሪን አይነት ውሰዱ።

ከስክሪን ጋር የተያያዘች አንዲት የራሴ ጉድ አለች። ሶስተኛውን ሞኒተር የገዛሁ ማታ በኤችዲኤምአይ ሰካሁት፣ ተስተካከለ፣ ደስ አለኝ፣ ሽፍት ገባሁ። ኤችዲኤምአይ ግን ከምስሉ ጋር ድምፅም ይዞ ነው የሚሄደው፣ ዊንዶውስ አዲሱን ሞኒተር ስፒከር ነው ብሎ የድምፁን መውጫ ወደሱ አዞረው፣ ሞኒተሩ ደሞ ስፒከር የሚባል ነገር የለውም። ሌሊት ላይ አንድ ሰርቨር ወደቀ፣ አለርቱ ጮኸ፣ ድምፁ ግን የትም አልወጣም። እኔ ሌላኛው ስክሪን ላይ ሪፖርት እየጻፍኩ ነው፣ ጸጥታው ራሱ የሰላም መስሎኛል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ስልኬ ጠራ፣ ቀና ስል ግማሽ ስክሪኑ ቀይ ነው። ከዛን ቀን ጀምሮ የሞኒተሮቹን ድምፅ ከሳውንድ ሴቲንግ አጥፍቻለሁ፣ ለአለርት ብቻ የሚሆን በገመድ የሚሰካ ትንሽ ስፒከር አለኝ፣ ሽፍት ስገባ መጀመሪያ የማደርገውም የሙከራ አለርት ልኬ በጆሮዬ መስማት ነው።

ዲስክ ላይ አጭር ልሁን። የካሜራው ቅጂ የሚቀመጠው ማዶ ከሆነ 512 ጂቢ ኤስኤስዲ በደንብ ይበቃል። እናንተ ጋ የሚቀመጥ ከሆነ ግን አስሉት፣ በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በቀን 43.2 ጂቢ ይሞላል፣ 16 ከሆኑ ወደ 690 ጂቢ። ኤስኤስዲ ደሞ የሚጻፍበት መጠን ገደብ አለው፣ ስለዚ ዊንዶውሱ ካለበት ዲስክ ላይ አትቅዱ፣ ለካሜራ ቅጂ ተብሎ የሚሰራ ሃርድ ዲስክ ለብቻው ይግባ።

መስመሩ ላይም ያው ሂሳብ ነው፣ 16 ጊዜ 4 ማለት 64 ሜጋቢት በሰከንድ ሳያቋርጥ ይፈልጋል፣ ሰብስትሪም ስትጠቀሙ በጣም ይወርዳል። ኩባንያዎቹ የሚያስተዋውቁት በሜጋቢት ነው፣ ፋይል ስታወርዱ የምታዩት በሜጋባይት ነው፣ በ8 ይካፈላል፣ ተታለልን ብሎ የሚጨቃጨቅ ሰው አለ። እና እባካችሁ በኬብል ስሩ። ዋይፋይ አማካይ ፍጥነቱ አሪፍ ሊሆን ይችላል፣ ችግሩ መሀል መሀል ላይ ለግማሽ ሰከንድ ትንፋሹ መቆረጡ ነው፣ ፊልም ስታዩ አስቀድሞ ስለሚያወርድ አይታወቃችሁም፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ግን የጫናችሁት ፊደል ዘግይቶ ሶስት ሆኖ ይወጣል። ራውተራችሁን ፒንግ (መልስ እስኪመጣ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚፈጅ የሚለካ ትዕዛዝ) አድርጋችሁ 10 ደቂቃ ተዉት፣ በኬብል ቁጥሩ 1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፣ በዋይፋይ አንዴ 3 አንዴ 140 እያለ ሲዘል ታዩታላችሁ።

መብራት ደሞ አለ። ዩፒኤስ የሚገዛ ሰው ኮምፒውተሩን ሰክቶ ራውተሩን ይረሳል፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ በኩራት በርቶ ይቀመጣል፣ ኢንተርኔት የለም። ራውተሩም የፋይበሩ ሳጥንም እዛው ላይ ይሰኩ፣ እነሱ የሚበሉት ትንሽ ነው። ዩፒኤሱ ላይ ትልቅ ተደርጎ የሚጻፈው ቪኤ የሚባለው ቁጥር ዋት አይደለም፣ ዋቱ ከዛ ያነሰ ነው፣ ካርቶኑ ላይ በትንሹ ተጽፏል። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ መሰረታዊ ሴቲንግ) ውስጥ ግቡና መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲበራ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩት። እንቅልፍ የሚወስደውን ሴቲንግ አጥፉ፣ የኔትወርክ ካርዱ ሃይል ለመቆጠብ እንዳይተኛም ከልክሉት። ዊንዶውስ አፕዴት ላይ አክቲቭ አወርስ የሚል አለ፣ እስከ 18 ሰዓት ድረስ ሪስታርት እንዳያደርግ ማድረግ ይቻላል፣ ሽፍታችሁን እዛ ውስጥ አስገቡት።

ከዛ ገዝታችሁ ስታመጡት፣ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ፣ አንድ ሙሉ ሽፍት ሁሉንም ነገር ከፍታችሁ አሰሩት፣ በመጨረሻው ሰዓት ታስክ ማናጀሩን እዩ፣ ፋኑን ስሙት። እሱን ካለፈ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀሉ። ትንሽ ቆይታችሁ የኢንተርኔት ኬብሉንም ንቀሉና መልሱ። ከዛ ኮምፒውተሩን ራሱን ድርግም አድርጋችሁ አጥፉና ሰዓት ያዙ፣ እንደገና ተነስቶ ቪፒኤን ገብቶ ዳሽቦርዱ ተከፍቶ የመጀመሪያው የሙከራ አለርት እስኪጮህ ስንት ደቂቃ ነው? እኔ መጀመሪያ ስሞክረው 11 ደቂቃ ፈጀብኝ። ኮምፒውተሩ የተነሳው ገና ደቂቃ ሳይሞላ ነበር፣ የቀረው ሁሉ የቪፒኤኑ ኮድ የሚመጣበት ስልክ ቻርጅ ጨርሶ እስኪበራ የጠበቅኩት ነው። አሁን የስልኩም ቻርጀር ዩፒኤሱ ላይ ነው የተሰካው።